ዘጠነኛው ገጽ ላይ

ማሬ ደብተሩን ዘጠነኛው ገጽ ላይ ዘጋችው። ስትዘጋው ይህ ሦስተኛዋ ነው።

«ደከመኝ» አለች። «ልጁም ሊነቃ ነው።»

ልጁ አልነቃም። ከተወለደ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው፤ እናቱ ጎን ተኝቶ በከንፈሩ አረፋ ይነፋል። ኬኔ ከከሰሉ ምድጃ በላይ የሰቀለችውን የሕፃን ጨርቅ እያገላበጠች እናቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። የደከመ ሰው ፊት አይደለም። ሊያመልጠው የነበረ ቃል የዋጠ ሰው ፊት ነው።

«እማ፣ አልጣመሽም?»

«ኧረ ደስ ይላል።»

«ታዲያ ለምን እዚያው ትቆሚያለሽ? ትናንትም እዚያው፣ ከትናንት ወዲያም እዚያው።»

«ጨርቁ እንዳይቃጠል» አለች ማሬ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኬኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ክረምቱ እንደገባ ልቦለድ መጻፍ ጀመረች። የቤተ መጻሕፍቱ የወጣቶች ክበብ ከሚቀርቡለት ድርሰቶች አንዱን መርጦ ሊያሳትም ነው፤ ማስረከቢያው አርብ ነው። አንድ ግዴታ አለበት፤ ከወላጅ አንዱ ድርሰቱን እስከ መጨረሻው አንብቦ መፈረም አለበት። አባቷ ዮሚፍ በአሶሳ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል፤ ወሩ ሳያልቅ አይመጣም። የቀረችው እናቷ ናት። እናቷ ደግሞ አራስ ናት። ገንፎው፣ ውኃው፣ ጨርቁ፣ ጠያቂ ማስተናገዱ ሁሉ የኬኔ ሆኗል። ሁለተኛውን ደብተር የሞላችው በዚህ መሀል ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ የቅቤ አሻራ አለ።

በአማርኛ የጻፈችው ለእናቷ ብላ ነው። እሷ የተማረችው በኦሮምኛ ነው፤ በሚኖሩበት በከኒሳ ቀሴ ከሰፈር ልጆች ጋር የምታወራውም በኦሮምኛ ነው። ማሬ ግን ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬዎች ልጅ ናት። ፊደል የቆጠረችው በአማርኛ ነው፣ ያውም እስከ አራተኛ ክፍል። ድምፅ ሳታወጣ ማንበብ አይሆንላትም። አፏ ካላለው ቃሉ አይገባትም።

ኬኔ ገጹን ደጋግማ አየችው። አንድ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ልጆቹን ይፈልጋል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ትናንት ቀድዳው እንደገና ጽፋው ነበር። ዝናቡን ቀነሰች፣ የሰውየውን ጆንያ በሻንጣ ለወጠች። እናቷ ያው ቆመች። ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ ጨርሶ ግራ ገባት።

ማክሰኞ ዕለት ጓደኛዋ ሙና በጃንጥላ መጣች።

«ደራሲዋ፣ ተፈረመልሽ?»

«ዘጠነኛው ገጽ አላልፍ አላት።»

«አታካብጂ። ራስሽ ጫሪበታ። የእናትሽን ፊርማ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ፋራ ነሽ እኮ» አለች ሙና፤ ግን ጨርቁን አብራት አጥባ ሄደች።

ረቡዕ አያቷ፣ የአባቷ አባት፣ ከዲጋ የበቆሎ እሸት ተሸክመው መጡ። በር ላይ ጭቃቸውን አራገፉ።

«አከም ጅርቱ! ወንዱ ልጅ የታለ?»

ማሬ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳብ አድርጋ ቀና አለች። «እንደምን ሰነበቱ አባባ? በዚህ ዝናብ ለምን ተንገላቱ?»

ሽማግሌው ሕፃኑን አይተው መረቁ። ቀጥሎ ዓይናቸው አልጋው ጫፍ ያለው ደብተር ላይ አረፈ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው አካኮ። መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው።»

«አንብቢልኝ እስቲ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ።»

ደብተሩ ሲገለጥ ራሱ የለመደው ገጽ ላይ ተከፈተ። ኬኔ አነበበች። «ፉፋ ከአውቶቡሱ ወረደ። ሰባት ዓመት ሙሉ ልጆቹን አንድ ቀን አልጠየቀም ነበር።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እኔን ነው? ምን በድዬሽ?»

«ስምዎን ብቻ ነው የወሰድኩት። ስለምወደው ነው።»

ኬኔ ቀና ስትል እናቷ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍናለች። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። አንደኛ ክፍል ስትመዘገብ ጸሐፊው «ሙሉ ስም?» ብሎ ነበር። ማሬ «ኬኔ ዮሚፍ» ብላ አቆመች። «የአያት?» ሲላት የልደት ካርዱን በጣቷ አሳየችው እንጂ አልመለሰችም።

አያቷ እሸቱን ሊልጡ ወደ ጓሮ ሲወጡ ኬኔ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ የአካኮን ስም ጠርተሽ አታውቂም?»

«የባል አባት ስም አይጠራም። ሳገባ አማቴ መጀመሪያ የነገረችኝ እሱን ነው። የሰው አገር ልጅ ናት፣ ወግ አታውቅም እንዳልባል ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ጠበቅሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሠራሽውን አፍርሺ ልበልሽ?»

«እኔ ላንብብልሽ በቃ።»

ማሬ ነጠላውን ከአፏ አወረደች። «በራሴ ነበር ማንበብ የፈለግሁት። መጽሐፍ ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። የልጄን እጨርሳለሁ ብዬ ነበር።»

ሽማግሌው እሸቱን ይዘው ሲገቡ ከደብተሩ ጋር ያለውን የክበቡን የፊርማ ወረቀት አዩ፤ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ኬኔ ነገረቻቸው።

«ይሄ ነው ያስቸገረሽ? እኔ እፈርማለሁ። አያትም ወላጅ ነው። ስሜንም ሰጥቼሻለሁ። ሰውየውን ብቻ መጨረሻ ላይ ከልጆቹ አስታርቂው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «እስክሪብቶውን አምጪ።»

ኬኔ እስክሪብቶውን ይዛ ቆመች። ባለ ስሙ ራሱ ፈቅዷል። ፊርማው እጇ ላይ ነው፤ አርብ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። ስሙን እየለወጠች ሁለት ደብተር ብትገለብጥ እስከዚያ አያልቅም። ስሙ ቢለወጥስ ሰውየው ያው ሰው ይሆናል? ሁለት ወር ሙሉ ፉፋ እያለች ነው ያናገረችው፤ ሳሉም ዝምታውም ከስሙ ጋር የመጡ ነበሩ። እናቷን አየቻት። ማሬ «አስፈርሚያቸው» ብላ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት።

«ይቅር አካኮ» አለች ኬኔ።

ለዘጠነኛ ክፍል የተገዛላትን አዲስ ደብተር ከፕላስቲኩ አወጣች።

«እማ፣ ማን እንበለው?»

ማሬ አማቷን አየች፣ ልጇን አየች። «እኔን ነው የምትጠይቂ?»

«አንቺን።»

«ገቢሳ… ገቢሳ ብትዪውስ?»

ኬኔ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ገጾች እንዳሉ ትታ ዘጠነኛውን ጻፈች። ገቢሳ ከአውቶቡሱ ወረደ። ወረቀቱ ላይ የማታውቀው ሰው መሰላት። ቢሆንም ቀጠለች፤ ገጹ ሲሞላ ለእናቷ ሰጠቻት።

የማሬ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። ዓይኗ ከደብተሩ ተነሣ፤ እጇም ወደ ልጁ ሄደ።

ኬኔ ቀድማ አነሣችው።

«አንብቢ» አለቻት፤ ወንድሟን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እያባበለች ወደ በሩ ሄደች።