የዋንዛው በር

አቶ አብተው ሞተው የተገኙት በር ሲሠሩበት በሰነበቱት ክፍል ውስጥ፣ በአናጢ ጠረጴዛቸውና በግድግዳው መካከል ነው። በጀርባቸው ተንጋለዋል። ቀኝ እጃቸው አዲስ የኤሌክትሪክ መላጊያ ላይ አርፏል፤ የመላጊያው ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ተሰክቷል። ጠረጴዛው ላይ ያላለቀ የዋንዛ በር ተጋድሟል።

ሃምሳ አለቃ ይርጋለም ከናዝሬት ፖሊስ ጣቢያ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ደጃፉን ይዞ ይጠብቃት ነበር።

«ኮረንቲ ነው፣ ጓድ» አላት። «ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ቤቴን ራሴ አድሳለሁ ብለው ሲታገሉ ከረሙ። ይኸው ማሽኑ በላቸው።»

«ማን አገኛቸው?»

«ሸዋወርቅ የምትባል ልብስ ሰፊ። ምሳ ይዛላቸው መጥታ።»

ይርጋለም ኮረንቲው ከቆጣሪው መጥፋቱን አረጋግጣ ገባች። ቀጠን ያለች፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ናት። ባሏ ወደ ምሥራቅ ግንባር ዘምቶ ካልተመለሰ ወዲህ በተከራየችው አንድ ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ሬሳ ያለበት ቤት ስትገባ ከሬሳው በፊት ቤቱን ማየት ልማዷ ነው። የአዲስ ሲሚንቶ ሽታ አለ። ካርቶን ተከፍቶ ጥግ ላይ ተጥሏል። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ትራስ የተደረገበት በርጩማ አለ።

ከዚያ ተንበረከከች። የሟቹ መዳፍ ላይ የመቃጠል ምልክት የለም፤ የራስ ቅላቸው ግን ከኋላ በኩል ተሰብሯል። ወለሉ ላይ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ረጃጅም የእንጨት ፍቅፋቂ ተበትኗል። ጠረጴዛው ሥር አንድ አሮጌ የእጅ መላጊያ ወድቋል፤ አፉ ውስጥ ፍቅፋቂ እንደተቀረቀረ ነው። የኤሌክትሪኩን መላጊያ ገልብጣ ምላጩን ዳሰሰችና ጣቷ ላይ የቀረውን ግራሶ በመሐረቧ ጠረገች። በመጨረሻ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የታሰረውን፣ እንጨት ቆንጥጦ የሚይዘውን የብረት ሞርሳ አየች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሷል። ሞርሳው ብቻ ተወልውሏል።

«ሬሳውን ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ» አለች።

ግቢውን ከጎረቤት የሚለየው የቅንጭብ አጥር መሐሉ ላይ ክፍት ነው። በክፍተቱ ግራና ቀኝ አዲስ የበር መቃን ቆሟል። ከመቃኑ ወዲያ፣ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጎረቤቱ አቶ መርዳሳ ናቸው። ጥቂት ፍየሎች እግራቸው ሥር ይልከሰከሳሉ።

«አባባ፣ ከአቶ አብተው ጋር ብዙ ጊዜ ትተዋወቁ ነበር?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከወንጂ ጀምሮ ነው እኮ። እሱ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ መካኒክ፣ እኔ የሸንኮራ ባቡር ነጂ። ጡረታ ስንወጣ ቤት ጎን ለጎን ያዝን። የሱም ሚስት ሞተች፣ የኔም ሞተች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አብረን ነው የምንበላው። ሬዲዮ አብረን እንሰማለን።»

«ዛሬ አይተዋቸዋል?»

«አላየሁትም። ሁሩታ የታመመች እህቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ሞታብኝ ለቅሶ ሰነበትኩ። ዛሬ ጠዋት ነው የተመለስኩት። ደክሞኝ ተኛሁ።»

«ወደዚህ ሳይመጡ?»

«ሲነጋ... ሲመሽ አገኘዋለሁ ብዬ ነው። ማሽኑ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ኋላ ዝም አለ።» እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ጠረጉ። «እኔው ነኝ ያስመጣሁት። በዚህ ዕድሜህ ክንድህን አትጨርስ፣ የኤሌክትሪኩን ውሰድ አልኩት። ሁሩታ ልሄድ ስል ነው ከኑሬ ሱቅ ይዞት የገባው።»

ይርጋለም አመስግና ወጣች።

አናጢው ጃራ ከገበያው ጀርባ ባለው ሥራ ቤቱ መጋዝ ይስል ነበር። የአቶ አብተውን ሞት ሲሰማ መጋዙን አስቀመጠ።

«ተቀይመሃቸው ነበር ይባላል» አለችው።

«እንዴት አልቀየም፣ ጓድ? እኔ እያለሁ ቁም ሣጥኑንም በሩንም ራሴ እሠራለሁ አለ። ኋላ ግን ማን የሚያወራው አለ ብዬ ተውኩት። ሰው ብቻውን ሲሆን እጁን ሥራ ማስያዝ ይፈልጋል። መላጊያዬንም አዋስኩት።»

«የኤሌክትሪክ እያላቸው?»

«እሱን አልፈለገውም። እኔም ደግ አደረግህ አልኩት። ማሽን ቀኑን ሙሉ በር ለሚያወጣ ሰው ነው። ዋንዛ ለስላሳ እንጨት ነው፤ ምላጩ ከተሳለ የእጁ ይበቃል። ለአንድ ቤት ጥሩ መጋዝ፣ ጥሩ መላጊያና መሮ ካለህ ሌላው ትርፍ ነው።»

የዕቃ ሱቁ ባለቤት ኑሬ ግን ንዴቱ ገና አልበረደለትም ነበር።

«ከአሰብ ያን ዕቃ እስካስገባ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው! ወስዶ አስቀመጠው፣ ከዚያ ልመልሰው አለኝ። ዛሬ ሊያመጣው ነበር። አልነካሁትም፣ ካርቶኑ ውስጥ ነው ብሎ ማለልኝ።»

«ለምን እንደሚመልሱት ነገሩህ?»

«ይጮሃል አለኛ! መላጊያ እንዲያንጎራጉር ፈልጎ ነው?»

ሸዋወርቅን ያገኘቻት በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ፣ የቆመ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ነው። ባሏ የሞተባት ጎልማሳ ሴት ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ነበር» አለች። «ቤቱን ለኔ ነበር የሚያድሰው። ወለሉን ሲሚንቶ አደረገ፣ ቁም ሣጥን ሠራ። ትናንት ካርቶኑን አብረን አሰርነው፣ ማሽኑን ለኑሬ ሊመልስ።»

«ስለ ጋብቻው የሚያውቅ ሰው ነበር?»

«ማንም። መጀመሪያ ለመርዳሳ ልንገረው ብሎ እሱን ይጠብቅ ነበር። እንዴት ያየው ይሆን እያለ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ።»

ይርጋለም ያን ምሽት ክፍሏ ገብታ የቀዘቀዘ ወጥ በላች። የሰማችውን እንደገና በልቧ አሰላሰለችው። መልሱን አግኝታዋለች፤ ግን ደስ አላላትም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አራቱንም በሟቹ የሥራ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሸዋወርቅ ጥግ ይዛ ቆመች። ጃራና ኑሬ በሩ አጠገብ ሆኑ። አቶ መርዳሳ ወደ በርጩማው ሄደው ሊቀመጡ ካሉ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው ግድግዳውን ተደገፉ።

«አቶ አብተውን ኮረንቲ አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች ይርጋለም። «ሐኪሙም ይህንኑ አረጋግጧል። ራሳቸው ከዚህ ሞርሳ ጋር ተጋጭቶ ነው የሞቱት።»

«ተደናቅፎ ቢሆንስ?» አለ ኑሬ።

«ተደናቅፎ የሞተ ሰው ተነሥቶ ሞርሳውን አይወለውልም። ሰው ገፍቷቸዋል። ደሙን ጠርጎ አደጋ ለማስመሰል ማሽኑን ከካርቶኑ አወጣና እጃቸው ላይ አደረገው።» ጎንበስ ብላ ፍቅፋቂ አነሣች። «የኤሌክትሪክ መላጊያ እንጨቱን ይፈጨዋል እንጂ እንዲህ አይጠቀልለውም። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ሲገፉም በእጃቸው የነበረው የጃራ መላጊያ ነው፤ ጠረጴዛው ሥር ወድቆ አገኘሁት። የማሽኑ ምላጭ ላይ ደግሞ የፋብሪካው ግራሶ እንዳለ ነው። አንዲት ጊዜ እንኳ አልሠራም።»

«ልክ ነው» አለ ጃራ ወለሉን እያየ።

«እንግዲህ ይህን ያደረገው ሰው አቶ አብተው በማሽኑ እየሠሩ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው። ጃራ እንዲህ አያምንም፤ መላጊያውን ያዋሳቸው እሱ ነው። ኑሬም ዛሬ ይመልሱልኛል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ካርቶኑን አብረው አስረዋል። ሦስቱም ማሽኑን እጃቸው ላይ ቢያደርጉ ሌሎቹ ወዲያው እንደሚነቁባቸው ያውቃሉ። ማሽኑ ሲገባ አይቶ፣ መተዉን ሳይሰማ የሄደ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ዞሮ አላየም። ቢሆንም ሁሉም ያን ሰው ያውቁት ነበር።

«አባባ» አለች ይርጋለም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማሽኑ ሲጮህ ሰማሁ አሉኝ። ደግሞም እህቱን ቀብሮ የመጣ ሰው፣ አንድ ጓደኛ ብቻ ያለው ሰው፣ ያን ጓደኛውን ሳያይ አይተኛም።»

አቶ መርዳሳ ባዶውን በርጩማ አዩ።

«እህቴ የመጨረሻዋ ዘመዴ ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «መንገዱን ሁሉ አብተው ጋ ደርሼ አለቅሳለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት። ስደርስ የምገባበት ክፍተት ላይ መቃን ቆሟል። ምንድን ነው አልኩት። በር ነው አለኝ፣ እየሳቀ። ላገባ ነው አለኝ። እህቴ መሞቷን ገና አልነገርኩትም። በኔ ላይ በር ትዘጋለህ ወይ አልኩት። አይደለም፣ ቆይ ላስረዳህ እያለ መጣ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት። ሲወድቅ... ስጠራው አልመለሰልኝም።»

ሸዋወርቅ ከጥጉ ወጣች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ የዋንዛውን በር ከጃራ ጋር ሆና አቆመችው።

«በሩ ለፍየሎቹ ነው» አለች። «እየገቡ እርጥቡን ሲሚንቶ ረገጡት። ይዩት፣ የመቀርቀሪያው ምልክት ያለው በእርስዎ በኩል ብቻ ነው። በእኛ በኩል ምንም የለም። ‹መርዳሳ ሲፈልግ ይክፈተው፣ ሲፈልግ ይዝጋው፤ እኔ በሱ ላይ የምቆልፍበት የለኝም› ነው ያለው።»

«እኔ ነኝ ምልክቱን ያደረግሁለት» አለ ጃራ።

ኑሬ ወደ ማሽኑ ተመለከተ። ትናንት የነበረው ንዴት ፊቱ ላይ የለም።

«ማሽኑንም...» አለና አቆመ። «ይጮሃል ሲለኝ ምን ቸገረህ አልኩት። ‹መርዳሳ ከፊቴ ተቀምጦ ያወራኛል፤ ይህ ነገር ከጮኸ አልሰማውም› አለኝ። ሳቅሁበት።»

አቶ መርዳሳ ወደ በሩ ቀረቡ። በእርሳስ የተሠመረውን ምልክት በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ጃራ በብብታቸው ገብቶ ደገፋቸው።

አቶ አብተው በማግሥቱ ተቀበሩ። ይርጋለም ከቀብር ወደ ጣቢያው ስትመለስ ሽማግሌው የእስር ክፍሉን የብረት ፍርግርግ ይዘው ቆመው አገኘቻቸው።

«ብዙ ሰው ነበር?»

«የዕድሩ ሰዎች ነበሩ። ጃራና ኑሬም መጥተዋል።»

«ማን አለቀሰለት?»

«ሸዋወርቅ አለቀሰች።»

«ሌላስ?»

ልትዋሽላቸው አሰበች፤ አልሆነላትም። «ሌላ አላየሁም፣ አባባ።»

«ታዲያ እኔ ባለቅስለት ትከለክሉኛላችሁ?»

«አንከለክልዎትም» አለች ይርጋለም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ የወንጂ ጓደኛቸውን እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ። ተረኛው ፖሊስ ከቢሮው ብቅ ብሎ ዝም ሊያሰኛቸው አፉን ሲከፍት በእጇ ከለከለችው። ከዚያ ፍርግርጉ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ እስኪጨርሱም ከዚያ አልተነሣችም።