ጥላሸት ያልነካው ፊት

ሽማግሌው ዘበኛ ኮረብታው አናት ላይ፣ ካልተለኮሰው የእንጨት ክምር ሥር ተንጋሎ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈርክሷል፤ ፊቱ ላይ ግን ደምም እድፍም አልነበረም።

መርማሪው ጉልበቱን እየረገመ ዳገቱን ሲጨርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። ከድንበር እስከ ቤተ መንግሥት አሥራ ሁለት ኮረብታዎች ላይ እንዲህ ያለ ክምር አለ፤ ጠላት ሲመጣ አንዱ ያጨሳል፣ ቀጣዩ አይቶ ይለኩሳል። ትናንት የምሥራቁ ኮረብታ ጨሰ፤ ይሄኛው ዝም አለ። ጦሩ ሳይሰማ የድንበሯ መንደር ከነሰዎቿ ነደደች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የዘበኞቹ አለቃ። «ተኛ፣ ሲነቃ ደንግጦ ከክምሩ መሰላል ወደቀ። ልጁ እስከ ማታ ቤቱን ትልቀቅ። የከዳተኛ ቤተሰብ የመንግሥት ቤት ውስጥ አይኖርም።»

«እስከ ማታ ብዙ ሰዓት አለ» አለ መርማሪው። እንዲህ ያለ ችኮላ ደሙን ያፈላዋል።

የሟች ልጅ ከኮረብታው ሥር፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ምሳውን በልቶ፣ "ተረኛውን ልተካው" ብሎኝ ወጣ። በዚያው ቀረ።»

«ፊቱን ሳይቀባ?»

«የሚቀቡት እላይ ነው። ተረኛ ከዓይኑ ሥር ጥላሸት ካልተቀባ ፀሐዩ አያሳየውም። ከሰሏ አንድ ናት፤ ወራጁ ለተተኪው ሰጥቶ፣ እዚህ መጥቶ ይታጠባል። እላይ ውሃ የለም። አባቴ ሳይቀባ ተረኛ ሆኖ ከተቀመጠ እኔ ልጁ አይደለሁም!»

ከሟች ጋር ተራ የሚቀያየረው ባልደረባው ዓይኑ ቀልቷል። ሥራውን ያስተማረው ሽማግሌው ነበር።

«አባባ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተካኝና ወረድኩ። እስከዚያ ጭስ የሚባል አላየሁም፣ ጌታዬ።»

መርማሪው የሰውየው ኮት ኪስ ከሥሩ መጥቆሩን እያየ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የሟች ቤት ግቢ ውስጥ ሰበሰባቸው፤ የምሥራቁን ኮረብታ ዘበኛም አስጠርቶታል።

«መቼ አጨስክ?»

«ልክ እኩለ ቀን። የሚመልስልኝ ሳጣ እስኪመሽ አጨስኩ። እርጥብ ቅጠል ሲያልቅብኝ ፍራሼን ጨመርኩበት።»

«እኩለ ቀን ላይ ተረኛው ማን እንደነበር የሟች ፊት ይነግረናል» አለ መርማሪው። «ጥላሸት የለበትም። ስለዚህ ተራውን ገና አልተረከበም።»

«አጥቦት ይሆናላ!» አለ ባልደረባው።

«ውሃው ያለው እዚህ ነው፤ እሱ ደግሞ አልወረደም። ይልቅ ኪስህን ገልብጥ።»

ሰውየው ኪሱን በእጁ ሸፈነ። አንድ ወታደር ገለበጠለት፤ አውራ ጣት የምታህል ከሰል መሬት ላይ ወደቀች።

«ልማድ ነው፤ ከተቀባህ በኋላ ኪስህ ትከታታለህ» አለ መርማሪው። «የሚረከብህ ሰው ስላልነበረ ረሳሃት። ሽማግሌው ሲመጣ ጭሱ ወጥቷል፣ አንተ ተኝተሃል። ተኝቶ የተገኘ ተረኛ ይሰቀላል። ሊለኩስ ጀርባውን ሲሰጥህ መታኸው። ጥፋቱ የሱ እንዲመስል ክምሩን ትተህ ወረድክ፤ መንደሯም ነደደች።»

ባልደረባው ወደ ሟች ልጅ ዞረ።

«"አልናገርብህም" ብሎኝ ነበር» አለ። «አላመንኩትም።»

ያን ጊዜ ልጅቷ አለቀሰች። አለቃው ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ቤቱ... ያንቺው ነው።»

እሷ ግን ወደ ኮረብታው ቀና ብላ ነበር።

«አሁን እላይ ማን አለ?»

ማንም አልነበረም። ሕፃኗን ለአለቃው አስታቀፈችው፤ ከሰሏን ከመሬት አነሳች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ከዓይኗ ሥር ተቀብታ ዳገቱን ወጣች።