የፎርማኑ እንቅልፍ

የክር ፋብሪካውን ፎርማን ጠዋት ያገኙት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው። አንዱን ጫማ አጥልቋል፣ ሌላው እጁ ላይ ቀርቷል፣ ነፍሱ ግን ከሄደች ቆይታለች። በፒጃማ ጫማ የሚያጠልቅ ሰው ወዴት ሊሄድ ነው? ታናሽ ወንድሙ ይህን አልጠየቀም። ሬሳው ሳይነሳ የወንድሙን ሚስት በጣቱ እየጠቆመ «መርዝ አብልታው ነው!» ብሎ ሰፈሩን አናወጠው። ቤቱ የሚተርፈው ለሚስቲቱ ነው፤ እሷ ወህኒ ከወረደች ግን ለእሱ። እንዲህ ያለ ሐዘንተኛ ከሚመጣ ባይመጣ ይሻላል።

የተላከችው መርማሪ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯት ሴት ናት። ገለባውን ከፍሬው ስለምትለይ ጣቢያ ውስጥ «ወንፊት» ይሏታል። በማግስቱ አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪም ጠየቀችው።

«መርዝ የለም» አላት። «ልቡ አብጦ ደክሟል። ከስምንት ወር በፊት ያየሁትም እኔ ነኝ። ሳይቆራረጥ ካልተኛህ ልብህ አይችልም ብዬ በደብዳቤ ጽፌለታለሁ። ሰው ሲተኛ ግፊቱ ወረድ ይላል፣ ልብም የምታርፈው ያኔ ነው። የዚህ ሰው ልብ ግን ያረፈች አትመስልም።»

ወንፊት ወደ ሚስቲቱ ሄደች።

«እንቅልፍ አልነበረውም እንዴ?»

«ኧረ ምን እንቅልፍ አለው እትዬ! ከላይ ቧንቧ ይሁን ምን እንጃ፣ ኳ ኳ ይላል። እሱ ብድግ! ላብ በላብ ሆኖ ጫማውን ይፈልጋል። ሌሊት ሦስቴ አራቴ። መኝታ የለየሁትም ለዚሁ ነው።»

«እንዴት ነው የሚለው? እስቲ አሰሚኝ።»

ሚስቲቱ በጣቷ ጠረጴዛውን መታች። ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት።

«ለሐኪሙ አልነገረውም?»

«'ጆሮዬ ነው፣ አርጅቻለሁ' ይላል። ኩራቱ አይጣል! ደብዳቤውንም መነጽሬ ተሰበረ ብሎ ከላይ ያለችውን ልብስ ሰፊ ነው ያስነበባት። እኔ እንደሆንኩ ፊደል አልቆጠርኩም።»

ወንድምየው ከበሩ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «ውሸቷን ነው! ወንድሜ ሐኪም ቤት የተኛ ለት እዚሁ አልጋው ላይ አድሬያለሁ። ኮሽ ያለ ነገር የለም!»

«እንኳን ነገርከኝ» አለችው ወንፊት። «ቧንቧ ሰው መርጦ አይንኳኳም።»

ልብስ ሰፊዋ ላይኛውን ፎቅ ከተከራየች ዓመት ሆኗታል። ክፍሏ ጥንቅቅ ያለ ነው፤ ዓይኗ ግን ደም መስሏል። ወንፊት አልጋዋን ገፋ አደረገችው። የወለሉ ሲሚንቶ አንድ ቦታ ላይ ተፈረካክሷል፣ ልክ ከፎርማኑ ራስጌ በላይ።

«ካውያ ወድቆብኝ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እዚቹ ቦታ ላይ ብቻ እየመረጠ? ለመሆኑ የፎርማኑ ፋብሪካ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ደጃፉንም ረግጬ አላውቅ!»

ወንፊት ወርዳ ቀጥታ ወደ ክር ፋብሪካው ሄደች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ሐኪሙን አስከትላ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ፎርማኑ ሠላሳ ዓመት በኖረበት በመፍተያው ክፍል ሰው ቢጮህ አይሰማም» አለች። «ክር ሲበጠስ ሠራተኛው የማሽኑን ብረት ይመታል። ፎርማኑ ይሮጣል፣ አጠገብ ያለው ሠራተኛ የተበጠሰውን ጫፍ ይይዛል። ሰውየው ያንን ጥሪ ተኝቶም ቢሰማው ይነሳል። ጫማ የሚፈልገው ለዚህ ነበር።»

ድንገት የቁልፍ ዘለላዋን አንስታ የወንበሩን ብረት መታች። ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት።

ሚስቲቱ ተሸማቀቀች። ወንድምየው አፈጠጠ። የልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጅ ግን ሳታዝዘው ብድግ አለ፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ የሌለ ክር ሊይዙ ተገናኙ።

«ይሄ ደጃፉን ሳይረግጡ የሚለመድ አይደለም፣ የኔ እህት» አለች ወንፊት። «ፋብሪካው ውስጥ ከሟች ባልሽ ጋር ስምንት ዓመት እንደሠራሽ ነግረውኛል። ደብዳቤውን ያነበብሽለት አንቺ ነሽ፤ ምን እንደሚገድለው ከዚያ አወቅሽ። ሐኪም ቤት ያደረ ለት ያልመታሽው ሲወጣ ስላየሽው ነው።»

«አዎ፣ መታሁ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እጇን ሳታወርድ። «ባሌን ቀን ያሠራዋል፣ ሌሊት ይመልሰዋል፣ ጠዋት ደግሞ ይጠራዋል። 'ልቤ እየደለቀ አላስተኛ አለኝ' ቢለው፣ 'ጠግቦ የሚተኛ ሬሳ ብቻ ነው' ብሎ ሳቀበት። ዓመት ሳይሞላው ማሽኑ ላይ ተደፋ። እኔንም ስምንት ዓመት ሥሩ ስሠራ ቀና ብሎ አላየኝ፤ ቤቱን ስከራይ አላወቀኝም። እኔም ባሌን በገደለበት ገደልኩት። ደግ አደረግሁ!»

«እሱን ለመቀስቀስ አንቺም እኮ አልተኛሽም» አላት ሐኪሙ። «ልብሽ...»

«ይፈንዳ!»

ሚስቲቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እኔን ሲያሳስሩኝስ ዝም ልትዪ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሰበረች። «ዝም እል ነበር።»

ሚስቲቱ አልሰደበቻትም። ወደ ባሏ ወንድም ዞረች።

«እትዬ፣ በድንጋጤ ነው እኮ...» ማለት ጀምሯል።

«ውጣልኝ» አለችው። «ቀብሩ ላይ እንደልብህ አልቅስ፤ ከዚያ ግን ወደ ቤትህ። እዚህ ደጃፍ ባይህ፣ ለእሷ የመጣውን የፖሊስ መኪና ላንተም አስመጣልሃለሁ።»

ወንፊት በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ያዘችለት።