ያልተሟሸው ቅል

መንበረ ሦስተኛውን ቅል ሞልታ ክዳኑን ጥብቅ አደረገች። ሁለቱ ቅሎች የቆዩ ናቸው። ሦስተኛው ግን ትናንት ፍሬውን ያወጣችለት አዲስ ቅል ነው። አዲስ ቅል ለብዙ ቀን ውሃ እየተለወጠለት ካልተሟሸ የሚያዝበት ውሃ ሐሞት ነው፤ ይህን የማታውቅ የመቱ ልጅ የለችም። መንበረም ታውቃለች። አውቃ ነው የሞላችው።

«አንተን የምትጠጣዋን እኔ መርጬልሃለሁ» አለችው ቅሉን።

ባለፈው ሳምንት ከአብሮ አደጓ ከአበባየሁ ጋር ከጎረቤት እሳት ሊጭሩ ሄደው ነበር። ፍሙን በገል ይዛ የሮጠችው አበባየሁ ናት። ነፋስ ፍንጣሪውን ሣር ክዳን ላይ ጣለውና ስድስት ቤት ነደደ። ሰው ሲጠይቅ አበባየሁ ቀድማ «መንበረ ናት የያዘችው» አለች። ቀድሞ የተናገረ ይታመናል፤ መንበረ ብትምልም ብታለቅስም ሰሚ አጣች።

አሁን ከኅዳር በሽታ ተርፈው በእሳት ለተራቆቱት ቤተሰቦች እህልና ልብስ ለመለመን ሰባት ሰዎች ከመቱ እስከ ያዮ በእግር ሊሄዱ ነው። መንበረ «ቅጣትሽ ነው» ተብላ ውሃቸውን ተሸከመች።

ሁሩሙ ሲደርሱ የጉዞው መሪ ጋሼ ወንድይራድ ገበያው መሃል አቆሟት።

«ወገኖቼ፣ ስድስት ቤት ነደደብን። እሳቱ ያመለጠው ከዚህች ልጅ እጅ ነው» አሉ።

«ኢንተለ ኢቢዳ!» አለች አንዲት ማር ሻጭ። የእሳት ልጅ ማለቷ ነው። ሰው እህሉን እየሰጠ መንበረን ገላመጣት። አበባየሁ ደግሞ ከረጢት ዘርግታ እህሉን ትቀበላለች፤ ምርቃቱም ለእሷ ነው። መንበረ አንገቷን ደፍታ ጥርሷን ነከሰች። «ቆይ ብቻ!» አለች በልቧ።

ከሁሩሙ ወጥተው በጫካው መንገድ ፀሐይ ስትበረታ አበባየሁ ከሌሎቹ ተለይታ ከኋላ ወደምትመጣው መንበረ ቀረት አለች።

«መንበርዬ፣ ውሃ ጠማኝ።»

መንበረ አዲሱን ቅል አቀበለቻት። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

አበባየሁ አንዴ ስትጎነጭ ፊቷ ተኮማተረ። መንበረ እስክትተፋው ጠበቀች። አልተፋችውም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ዋጠችው፤ ደግማም ጠጣች።

«አይመርሽም እንዴ?»

«ይመራል።»

«ታዲያ ለምን ትጠጫለሽ?»

«ይገባኛላ» አለች አበባየሁ። «አባቴ ይገድለኛል ብዬ ነው የዋሸሁት። ሁሉንም እጠጣዋለሁ። ስጨርሰው ይቅር ትይኛለሽ?»

የመንበረ ንዴት ይበርዳል ሲባል ባሰበት። ያ ሁሉ ግልምጫ፣ ያ ሁሉ ስድብ፣ በአንድ ቅል ውሃ ሊያልቅ! ያውም ማንም በማያይበት ጫካ ውስጥ! ቅሉን ነጥቃ ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው። ከዚያ አንዱን የቆየ ቅል ፈትታ ሰጠቻት።

«ተጉመጥመጪ» አለቻት። «ደህና አድርገሽ። ያዮ ላይ አፍሽ ያስፈልግሻል።»

በማግስቱ ያዮ ሲገቡ ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ጋሼ ወንድይራድ እንደለመዱት ጣታቸውን ወደ መንበረ ቀሰሩ።

«እሳቱ ያመለጠው…»

መንበረ ቅሎቿን ከጀርባዋ አወረደች። ዛሬ አንገቷን አልደፋችም፤ አበባየሁን ትክ ብላ አየቻት። አበባየሁ በዓይኗ ለመነቻት። መንበረ አልራራችም፤ ዓይኗንም አልነቀለችም።

አበባየሁ የእህሉን ከረጢት ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ጋሼ» አለች፤ «አንድ ጊዜ ይቆዩኝ።»