«ዛሬውኑ ይባረር!»

አምሐን ያወቅሁት በደርግ ጊዜ፣ ኮልፌ፣ ሜዳ ዳር፣ በጩኸቱ ነው።

«ዛሬውኑ ይባረር! ይሄ ሰውዬ አሠልጣኝ አይደለም!»

ጓደኞቹ አልተስማሙም። «ዋንጫው ደርሶ? ዓመቱ ይለቅና ይባረራል!»

«ካለቀ በኋላማ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ዞር ሲል ዐይን ለዐይን ተጋጨን። አፈረ። «ይቅርታ እህቴ፣ ጆሮሽ ላይ ጮህኩብሽ... አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ዓመቱን ይጨርስ» አልኩት።

የሚሰድበው አሠልጣኝ አባቴ ነበር። የከፍተኛችንን ቡድን ከሥራ መልስ፣ በነፃ ነበር የሚያሠለጥነው። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ሳለ ሳቀልኝ... ሲስቅ ሁሉን ነገር ያስረሳል።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ሁሉ አብረን እናይ ጀመር። ወደ ቤት ሲሸኘኝ ሰፈር ሳንደርስ «በቃ ተመለስ» እለዋለሁ።

«ሰብሌ፣ ዋንጫ ከበላን ሽማግሌ እልካለሁ! አባትሽ ኳስ ይወዳሉ?»

«በጣም።»

ባሸነፍን ማግስት እነግረዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። እኛ ግን መሸነፍ ብቻ ሆነ።

አስኮዎች አራት ለባዶ የረቱን ሰሞን በከፍተኛው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠናል። ክርክሩ አሁን ይባረር ወይስ በዓመቱ መጨረሻ የሚል ብቻ ነበር። አምሐ ብድግ አለ። አላየኝም።

«ጓዶች፣ አንድ ቀን ማደር የለበትም! ጎበዙን አጥቂ ቁጭ አድርጎ ያስሸነፈን ሆን ብሎ ነው። ይሄ አሻጥር ነው!»

ተጨበጨበ። የከፍተኛው ሊቀመንበር ግን አላጨበጨበም።

«አሻጥር አልክ፣ ጓድ?»

ያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤቱ አያድርም። ሁለት ታጣቂዎች አባቴን ከመቀመጫው አነሡት።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ።

አምሐ ዞሮ አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰብሌ... አባትሽ ናቸው?»

በማግስቱ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ስለ ኳስ ነው የተናገርኩት፣ ተናድጄ ነው!» ብሎ ለመናቸው። «ቆራጥ ልጅ ነህ፣ አትወላውል» ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው መለሱት።

አባቴ በዓመቱ ተፈታ። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ግድግዳ እየያዘ ነው የሚራመደው። በዚያው ሰሞን ቡድኑ በአዲስ አሠልጣኝ ዋንጫ በላ። ደጋፊዎቹ በደጃችን እየጨፈሩ ሲያልፉ፣ «ቀደም ብለን ብናባርረው አምናም እንበላ ነበር!» ሲባባሉ ሰማቸው።

«እውነታቸውን ነው» አለ አባቴ።

አምሐ ከእነሱ ጋር አልነበረም። በማግስቱ መጥቶ አባቴ እግር ላይ ወደቀ።

«ተነሥ ልጄ። እኔ ይቅር ብያለሁ» አለው አባቴ።

እስከ በሩ ሸኘሁት።

«እወድሻለሁ ሰብሌ። ጠብቅ ካልሽኝ ዕድሜ ልኬን እጠብቃለሁ።»

«እኔም እወድሃለሁ።» ፊቱ በራ። «ግን አባቴን ሽንት ቤት ደግፌ የምወስደው እኔ ነኝ። አንተን ባየሁ ቁጥር ያ ጭብጨባ ይሰማኛል። አትጠብቅ።»

«መቼም?»

«መቼም።»

በሩን ዘጋሁት። ውጭ ቆሞ ሲያለቅስ ይሰማል።

«ክፈቺለት» አለኝ አባቴ።

አልከፈትኩም።

አምሐ ሰፈሩን ለቅቆ ሄደ፤ ዳግም አላየሁትም። እኔም በኋላ ደግ ሰው አገባሁ፣ ወለድኩ። ባሌ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ግን ወድጄው አላውቅም።