ፖሙ እንዳይበርደው

ወገኖቼ፣ እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ስለ ጣሪያና ስለ አሸንዳ ግን ስሙኝ፤ አርባ ዓመት ቆርቆሮ ሳጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አባቴም አያቴም እንዲሁ።

እኛ ባለንበት በሀርጊታ ተራሮች መካከል በረዶ በኅዳር ከወረደ እስከ መጋቢት አይለቅም። ሰው ሁሉ የመኸሩን ፖም ለቅሞ ከኮርኒስ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ጭድ አንጥፎ ይደረድረዋል። ፖም ብርድ ከመታው ይጠቁራል። ስለዚህ ከደረጃው አናት ያለውን የቆጥ መዝጊያ ከፍተው ይተዉታል፤ የምድጃው ሙቀት ወጥቶ ፖሙን እንዲያሞቅላቸው። አያቶቻችንም እንዲህ ያደርጉ ነበር ይላሉ። የአያቶቻቸው ጣሪያ ወፍራም የእንጨት ክዳን እንደነበረ፣ የእነሱ ግን ስስ ቆርቆሮ እንደሆነ ማንም አያስብም።

ሙቀቱ ፖም ዘንድ ደርሶ አይቆምም። ቆርቆሮውን ከሥር ያሞቀዋል። በላዩ የተኛው በረዶ ይቀልጥና ውሃው ቁልቁል ይወርዳል፤ ከግድግዳው ወጣ ያለው የጣሪያ ጠርዝ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ ሲደርስ ይረጋል። አሸንዳው በግግር በረዶ ይሞላል። ከአሸንዳው ጫፍ ደግሞ ጦር የመሰለ ግግር በየቀኑ ስንዝር እየጨመረ ይንጠለጠላል።

በጥቅምት መጨረሻ የጭስ ማውጫ ዙሪያ ልጠግን መምህር ኮዝማ ቤት ተጠራሁ። አንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ቤተሰብ ነው የሚኖረው፤ ፎቁ ላይ ኮዝማና ጎረቤቱ ኢቦያ፣ ምድር ቤት በማዕዘኑ በኩል እትዬ ቪልማ። የቆጡ መዝጊያ እንደ ልማዱ ተከፍቷል።

«መምህር፣» አልኩት፣ «ይህን ይዝጉት። ፖሙን ከመሬት በታች ወዳለው ጓዳ ያውርዱት። ቆጥ መቀዝቀዝ አለበት።»

«ሩፒ፣» አለኝ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? አንተ ቆርቆሮህን ቀጥቅጥ!»

ኢቦያ ከበሯ ላይ ሆና ሳቀች። «ሩፒ ለበረዶው አዘነለት እኮ! ፖሜ ጠቁሮ ልጆቼ ያንተን ቆርቆሮ ይብሉ?»

ኮዝማን ከድሮ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ፣ እሱ ገና የትንንሾች መምህር ሳለ፣ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። እኛን፣ ሰው የሚንቀንን ባለ ሰፊ ባርኔጣ ቆርቆሮ ሠሪዎች ልጆች፣ ከመጨረሻው ወንበር ያስቀምጠን ነበር፤ እኔን ደግሞ ከምድጃው አጠገብ፣ እንጨት እንድጨምር። «ፊደል ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል?» ብሎኛል። እዚያ ቁጭ ብዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሙቀት ወዴት እንደሚሄድ ነው። ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

የዚያን ቀን ከጣሪያው ልወርድ ስል ከእትዬ ቪልማ በር በላይ ያለው አሸንዳ በቅጠል መደፈኑን አየሁ። መሰላሌ ቆሟል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ግን ሆዴ ቆስሏል። «መጥተው ይለምኑኝ» ብዬ መሰላሌን ተሸክሜ ሄድኩ።

በታኅሣሥ ሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ተንሸራትቼ ዳሌዬ ተሰበረ። መሰላል መውጣት ቀረ።

እትዬ ቪልማን ልንገራችሁ። በዚያ ግቢ ውሃ ስጠይቅ ሌላው ሰው በባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ይሰጠኝና ስሄድ ብልቃጡን ይጥለዋል። እሳቸው ራሳቸው በሚጠጡበት ብርጭቆ ነበር የሚሰጡኝ። በጥር መጨረሻ በምርኩዝ እየተጎተትኩ ልጠይቃቸው ስሄድ ከበራቸው በላይ ሰው የሚያህል ግግር ተንጠልጥሏል፤ አንድ ብቻ አይደለም፣ በረድፍ።

እሳቸው ሊጥ የሚዳምጡበትን ጣውላ ጭንቅላታቸው ላይ ይዘው ብቅ አሉ።

«ምን ላድርግ ልጄ? አዲሱ ጃንጥላዬ ነው» አሉና ሳቁ።

«እትዬ ቪልማ፣ በዚህ በር አይውጡ።»

«በመስኮት ልዝለል? በሰባ ስድስት ዓመቴ?»

ሌላ በር ነበራቸው። ከማዕድ ቤታቸው በኮዝማ የማገዶ ቤት አልፎ ወደ ጓሮ ያወጣል፤ ኮዝማ ግን ከቆለፈው ዓመታት አልፈዋል። ባርኔጣዬን አውልቄ ፎቅ ወጣሁ። ደረጃውን በምን መከራ እንደወጣሁት እኔ ነኝ የማውቀው። መዝጊያው አሁንም ተከፍቷል፤ የፖሙ ሽታ ይጣራል።

«ሰው ሊሞት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ፤ ለዚህም አስቤበታለሁ» አለና አንድ ሰሌዳ አሳየኝ። በዚያ በሚያምር የመምህር ጽሕፈቱ «ተጠንቀቁ! ግግር ይወድቃል» ብሎ ጽፏል።

«ይህ ለመንገደኛው ነው። እትዬ ቪልማ በየት ይግቡ?»

«ማንበብ ይችላሉ አይደል?»

«የማገዶ ቤቱን ይክፈቱላቸው እንጂ!»

«ቁልፉን እሑድ እፈልገዋለሁ። አሁን ውረድ፤ ብርድ ታስገባብኛለህ።»

ረጅም መሰላል ያለው መኪና አላቸው የተባሉ ሰዎች ዘንድ ደወልኩ። «ተራ ያዝ፣ ብዙ ጣሪያ ነው ያለው» አሉኝ። አንድ ጎረምሳ እንዲወጣልኝ ለመንኩ፤ ቀና ብሎ አየና እናቴን አላስለቅስም አለ። እውነቱን ነው። ኢቦያ ደግሞ ልታግዝ ብላ ከመስኮቷ የፈላ ውሃ ደፋችበት፤ ውሃው ታች ሳይደርስ ረግቶ ሌላ ስንዝር ጨመረለት። ከዚያ በኋላ የማደርገው ጠፋኝ። በየቀኑ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆሜ ያንን ነገር አያለሁ። ሙያዬ ነው፣ መድኃኒቱን አውቃለሁ፣ እጄ ግን አይደርስም።

ሐሙስ ዕለት ፀሐይ ወጣች። ከአሸንዳው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሲንጠባጠብ ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ግግሩ ከሥሩ እየለቀቀ መሆኑን አወቅሁ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። እትዬ ቪልማ ከምድጃው የዛቁትን አመድ በባልዲ ሞልተው በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ጣውላውን የሚይዙበት እጅ አልነበራቸውም።

«ይመለሱ!» ብዬ ጮኽኩ። ቀና ብለው ፈገግ አሉልኝ። ሰላምታ መሰላቸው። ምርኩዜን ጥዬ ልሮጥ አልኩ፤ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ መንገዱ መሀል ወደቅኩ። ከወደቅኩበት ሆኜ ነው ያየሁት። ግግሩ ብቻ አይደለም የወረደው፤ አሸንዳው ከነመንጠቆው ተነቅሎ መጣ።

አልሞቱም። ወገባቸው ግን ተሰብሯል፤ ከእንግዲህ አይቆሙም።

ልጠይቃቸው ሆስፒታል ስገባ ኮዝማ ከአልጋቸው ግርጌ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። መዳፉን ዘረጋልኝ፤ የማገዶ ቤቱ ቁልፍ ነበረበት። «ኪሴ ውስጥ ነበር» አለኝ። «ሳልፈልገው ነው እንጂ ኪሴ ውስጥ ነበር።» ፖሙን በሙሉ ወደ ታችኛው ጓዳ እንዳወረደ፣ መዝጊያውን በምስማር እንደቸነከረ ነገረኝ። ቀጥሎም፣ «ሩፒ፣ ሌላ ምን ላድርግ? አንተ ንገረኝ» አለ።

ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ለመስማት አርባ አምስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ሰማሁት። ምንም አልጣመኝም፤ የእኔም ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበርና። ያ መሰላል፣ ያ ግማሽ ሰዓት።

እትዬ ቪልማ ዓይናቸውን ገለጡ። ኮዝማ፣ «ሰሌዳውን አላዩትም ነበር?» አላቸው፤ ነገሩ ከልቡ አልወጣለትም።

«አይቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ጽሕፈትህ ቆንጆ ነው። ግን መምህር፣ ሌላ በር አልነበረኝም።»

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በረዶ ሳይመጣ አሸንዳችሁን ከቅጠል አጽዱ። የቆጣችሁን መዝጊያ ዝጉ፣ ስንጥቁን ድፈኑ፣ ፖማችሁን ከመሬት በታች ወዳለው ጓዳ አውርዱ። ግግር ከተንጠለጠለ በኋላ ማንም ምንም አያደርግላችሁም፤ እኔም ብሆን። ሙያ ያላችሁ ደግሞ ተሰደብን ብላችሁ መሰላላችሁን ተሸክማችሁ አትሂዱ፤ ሰዳቢው ፎቅ ላይ ነው፣ ግግሩ የሚወድቅበት ግን ምድር ቤት ያለው ነው። ሰሌዳ የምትሰቅሉም፣ ከመስቀላችሁ በፊት ጎረቤታችሁ ሌላ በር እንዳለው ጠይቁ።