የፀሐዬ ሁለተኛው ሳብዉፈር

ፀሐዬ የሞተው አሮጌ ፒክአፑ ውስጥ ነው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ ጫማውን አውልቆ። ሚስቱ እየሩስ ጠዋት የጋራዡን በር ስትከፍት ጭሱ አፈናት፤ ሞተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ጠፍቷል። የሟቹ ወፍራም ፊት ቀልቶ ጤነኛ ይመስላል። በሕይወቱ እንዲህ አምሮበት አያውቅም ብሎ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሰው እያለቀሰ አማው።

ሰፈሩ ገዳይዋን ለማግኘት ከምሳ በላይ አልቆየም። ጋዲሴ ናት! መሪ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ከፍታ ለመኪና ሙዚቃ የምትገጥመው ልጅ። ለፒክአፑ ሳብዉፈር፣ ቤዝ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ የሚደልቀውን ድምፅ ማጉያ፣ የገጠመችለት እሷ፣ «ሞተር ሳታስነሳ አትክፈተው» ያለችው እሷ። ምስኪኗ ለቅሶ ልትደርስ ብትመጣ እየሩስ ድንኳኑ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ገዳይ!» ብላ ጮኸችባት። ፖሊስም ከዚያው ይዟት ሄደ። በቸልተኝነት ሰው ገድላለች ተብሎ ቢፈረድባት እስር ነው፤ ባይፈረድባትም «ገዳይ» ለተባለች ልጅ መኪናውን የሚሰጥ የለም። ሱቋም ስሟም አብረው ሊቀበሩ ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር ለተጊዮርጊስ ሰው ቶሎ ሲስማማ አትወድም። ሰፈር ሙሉ አንድ ቃል ሲያወራ ደግሞ ጭራሽ ያንገሸግሻታል። ጉዳዩ እጇ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገችው እስረኛዋን ማስጠራት ነው።

«ሞተር አስነስተህ ስማ ብለሽዋል?»

«ብዬዋለሁ፤ ለማንም እላለሁ። አምፕሊፋየሩ ባትሪ ይጨርሳላ! በር ዘግተህ ተኛ ግን አላልኩትም።»

«ምን ዓይነት ደንበኛ ነበር?»

ጋዲሴ እስረኛ መሆኗን ረስታ ከንፈሯን ጣል አደረገች። «ካርቶን አንባቢ! ካርቶኑ ላይ ሦስት ሺህ ዋት ተጽፏል ብሎ የሚያምን። በዚያ ዋጋ? ሳያቋርጥ የሚችለውን ጉልበት ጠይቅ፣ ሳጥኑ ወፍራም የሆነ አንድ ደህና ነገር ግዛ፣ ከኋላ ወንበር ሥር እሱ ይበቃሃል አልኩት። ሄዶ የረከሰውን ገዛ። እኔም ገጠምኩለት፤ ለዋጋው ደህና ይመታ ነበር። በመጨረሻው ቀን አመሻሹ ላይ ደወለልኝ። ለካ ያንኑ የመሰለ ሁለተኛ ገዝቶ ራሱ ገጥሞታል! ‹ሁለት ሆነው ቤዙ ጭራሽ ጠፋ፣ አንቺ ሌባ› ብሎ ሰደበኝ።»

«ምን መለስሽለት?»

«የአንዱን ሽቦ ገልብጠህ አስረኸው ይሆናል፣ ነገ አምጣው አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

«ሲገለበጥ ምን ይሆናል?»

«አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል። እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ሙዚቃው ይሰማል፣ ቤዝ የሚባል ግን የለም።»

ለተጊዮርጊስ ወደ ሟቹ ግቢ ወጣች። እየሩስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀበለቻት።

«ባልዎ ማታ ሳይገቡ ሲቀሩ አልፈለጓቸውም?»

«ሲጠጣ እዚያው መኪናው ውስጥ ማደር ልማዱ ነው እኮ! ሌላ ቀን ቁምሳጥኔ ውስጥ ያለው ብርጭቆ በሙዚቃው ሲንጫጫ ያመሻል። የዚያን ዕለት ጸጥ አለልኝ። ዛሬስ ቶሎ ተኛ ብዬ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሕሩይ ግን ሌላ ጆሮ ነበረው። የሚኖረው ከጋራዡ ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ድምፁን የሐዘን አስመስሎ ተናገረ።

«ቤዙ ግድግዳዬን ሲደበድበው ነው ያመሸ። ሁለት አድርጎት የለ? እጥፍ ሆነ! ጎረቤታችን እትዬ አስረሳሽ ከአጥሩ ወዲያ ጮኹ። እሱም ተናዶ በሩን ከውስጥ ስቦ ዘጋው።»

«ሲዘጋው አይተዋል?»

«በዓይኔ በብረቱ! ያቺ ልጅ ሞተር አስነሳ ባትለው ኖሮ ወንድሜ ዛሬ…» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ዓይኑ ደረቅ ነበር።

ለተጊዮርጊስ ፖሊስ ያሸገውን ጋራዥ አስከፈተች። ስትገባ ፊቷ ተኮማተረ። ቆርቆሮው ሁሉ ጥላሸት ለብሷል፤ ግራና ቀኙ እስከ በሩ ድረስ ሴራሚክ ተደርድሮበታል። ፒክአፑ እንደምንም ተወትፎ ገብቷል እንጂ ጋራዡ ለእሱ የተሠራ አይደለም። በሩን ስትመልሰው የመኪናውን የኋላ መከላከያ ሊነካ ጥቂት ቀረው። ከዚያ በሕሩይ ክፍል በኩል ባለው ግድግዳ ላይ በኖራ የተሰመረ መስመር አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፀሐዬ ነው ያሰመረው» አለች እየሩስ። «ጋራዡ ጠበበኝ ብሎ የሕሩይን ክፍል አፍርሶ ሊያሰፋው ነበር። ሠራተኛም ቀጥሮ ነበር።»

ወንድሙን ለመኪናው ሲል ደጅ ሊጥል! ለተጊዮርጊስ ሟቹን ያኔ ናቀችው፤ ለሙት የሚገባውን አክብሮት ከየትም ልታመጣለት አልቻለችም። ቢሆንም ሰው ነው፣ ተገድሏል፤ ሥራዋ ሥራ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ሁሉንም ጋራዡ ፊት ሰበሰበቻቸው። እየሩስ፣ ሕሩይ፣ ከአጥር ወዲያ የተጠሩት እትዬ አስረሳሽ፣ እጇን በካቴና የታሰረችው ጋዲሴም አሉ። ሰፈርተኛው ደግሞ ሳይጠራ የግቢው በር ላይ ተኮልኩሏል።

ወጣቱ ኮንስታብል ኤቢሳ ቤንዚን ጨምሮ፣ ባትሪውን በሌላ መኪና አግዞ ፒክአፑን አስነሳ። የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ሙዚቃውን እስከ መጨረሻው ክፈተው» አለችው።

ከሁለቱ ሳጥኖች የወጣው ድምፅ ኪስ ውስጥ የተረሳ ስልክ ይመስላል። በር ላይ የቆመው ሰው ሳቀ።

«አቶ ሕሩይ፣ ግድግዳዎን ሲደበድብ ያመሸው ይሄ ነው?»

ለተጊዮርጊስ ጎንበስ ብላ ከኋላ ወንበር ሥር የአንዱን ሳብዉፈር ሁለት ሽቦዎች አቀያየረች። ወዲያው የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ እትዬ አስረሳሽ ጆሯቸውን ይዘው «ኧረ በማርያም!» አሉ። ኤቢሳ አጠፋው።

«ይሄ መኪና ከታሸገ ወዲህ ማንም አልነካውም። ስለዚህ የዚያን ምሽት ቤዝ አልነበረም። እትዬ አስረሳሽ፣ ጮኸዋል?»

«እኔ? የዚያን ቀን? ተመስገን ብዬ ነው የተኛሁት! አፌንም አልከፈትኩ!»

«እሺ፣ በሩን ማን ዘጋው? ኤቢሳ፣ ግራና ቀኙን ሴራሚክ ይዞታል፤ ከመኪናው ኋላ ቆመህ ከውስጥ ሳበው።»

ኤቢሳ ሸንበቆ የሚያህል ልጅ ነው። ሆዱን ሳበ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ መከላከያው ላይ ተለጠፈ፤ በሩ ግን ጉልበቱ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ሟቹ የዚህን ልጅ ሁለት እጥፍ ነበሩ» አለች። «በሩ የተዘጋው ከውጭ ነው። ግቢው ውስጥ የነበራችሁት ደግሞ ሚስትና ወንድም፣ ሁለታችሁ ናችሁ። ወይዘሮ እየሩስ ምሽቱ ጸጥ ያለ ነበር አሉኝ፤ ምንም ሳይጠቅማቸው እውነቱን ተናገሩ። የዘጋው ሰው ግን ወንድሙ በሩን ራሱ ዘጋ እንዲባል ምክንያት ያስፈልገዋል። ምክንያቱ ጩኸት ነው። ጩኸት ባልነበረበት ማታ!»

ወደ ሕሩይ ዞረች። ድምፅዋ ላይ የነበረው «እርስዎ» በዚያው ቀረ።

«ስትዘጋው ድምፁ ቀጭን መሆኑን ሰምተሃል፤ ቀንሶ የተኛ መሰለህ። ሁለት ከሆነ እጥፍ ይጮኻል፣ ማን ያጣራል አልክ። እሱ ካርቶን አንብቦ ሲያምን አንተ ሳጥን ቆጥረህ ትዋሻለህ። ወንድማማች መሆናችሁ አያጠራጥርም!»

ሕሩይ ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፈፈ። «ክፍሌን ለመኪና! እናታችን የሞተችበትን ክፍል ለመኪና! ለምኜው ሳቀብኝ። ሰክሮ ተኝቶ፣ ሞተሩ እየሠራ አገኘሁት። እኔ ምን አደረግሁት? እጄ አልነካውም። በር ነው የገፋሁት።»

«አዎ፣ በር ገፋህ። ከዚያ ለቅሶው ላይ ቁጭ ብለህ ያለ ጥፋቷ የሰው ልጅ አስበላህ። ወንድምህ እንደበደለህ አልክድም። ክስ ነበር፣ ሽማግሌ ነበር፤ ለዚያ ግን ከተቀመጥክበት መነሳት ያስፈልግሃል። በር መግፋት ቀለለህ።»

ኤቢሳ ካቴናውን ከጋዲሴ እጅ ፈትቶ ሕሩይ እጅ ላይ አሰረው። እየሩስ ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። ጋዲሴ የእጇን አንጓ እያሻሸች ወደ መውጫው ስታመራ እየሩስ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ጋዲሴ አፈፍ አድርጋ ልታነሳት ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ግን እጇን መለሰች። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

«እትዬ እየሩስ፣ ገዳይ ያሉኝ በሹክሹክታ አይደለም።»

እየሩስ ቀና ብላ አየቻት። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሰፈርተኛው ወደ ተኮለኮለበት በር ሄደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ድንኳኑ ፊት ቆመች፤ ድምፅዋ ሁለቴ ከዳት፣ በሦስተኛው ወጣ።

«ስሙ! ጋዲሴ ማንንም አልገደለችም! ባሌን የገደለው የገዛ ወንድሙ ነው!»